«እዚያ ማን አለን?»

በዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ በነዳሁባቸው ዘጠኝ ዓመታት እንግዶችን ስንት ጊዜ ወደ ማውንት ቨርነን እንዳደረስሁ ቆጥሬ አላውቅም። የጆርጅ ዋሽንግተን መኖሪያ የነበረው ያ ግቢ ከከተማው ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ይገኛል። እንግዶቹ ወርደው ሲጎበኙ እኔ መኪናዬን ጥላ ሥር አቁሜ፣ ወንበሬን ወደ ኋላ ዘርግቼ እንቅልፌን እለጥጥ ነበር። ሲመለሱ «እንዴት ነበር?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ፤ እነርሱም ስለ ቤቱ በረንዳና ከበረንዳው ስለሚታየው ወንዝ ሲያወሩልኝ፣ ደጃፉ ላይ ሁለት ሰዓት ተኝቼ የቆየሁት ሰው ከሩቅ አገር እንደመጣሁ ሁሉ ተገርሜ አዳምጣቸዋለሁ። ታክሲውን ትቼ ሌላ ሥራ ከያዝሁ በኋላም ነገሩ አልተለወጠም። የምኖርባት ሜሪላንድ ለእኔ የሥራ ቦታዬ፣ ቤተ ክርስቲያኔ፣ የልጄ ትምህርት ቤትና ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት የሐበሻ መደብሮች ብቻ ነበረች። በእነዚህ መካከል ያለው አገር ሁሉ ጂፒኤስ እየመራ የሚያሻግረኝ ባዶ ቦታ ነበር።

ይህን ልማድ ያስተወችኝ ያን ጊዜ አራተኛ ክፍል የነበረች ልጄ ናት። በአሜሪካ አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ሁሉ የፌዴራል መንግሥቱን ፓርኮች ለአንድ ዓመት ከነቤተሰቡ በነፃ የሚያስገባ ወረቀት የማግኘት መብት አለው። ልጄ ያን ወረቀት ከኢንተርኔት አውጥታና አትማ ስታመጣልኝ፣ «ነፃ ነው» ተብሎ በፖስታ እንደሚመጣው ነገር ሁሉ መጨረሻው የክሬዲት ካርድ ቁጥር ጥየቃ ይሆናል ብዬ ሳምንታት አሳለፍሁ። በኋላ ግን ጭቅጭቋ ስለበዛብኝ አንድ የግንቦት ቅዳሜ ለመሄድ ተስማማን። ባለቤቴ ሻይ በፔርሙስ ሞላች፣ ድፎ ዳቦ ቆራርሳ በፎጣ ጠቀለለች፤ ቆሎም አልቀረም። ከቤታችን ግማሽ ሰዓት ያህል ነድተን ግሬት ፎልስ ከተባለው የፖቶማክ ፏፏቴ ስንደርስ፣ በር ላይ የነበረችው ሠራተኛ እኔን አልፋ ወረቀቱን ከልጄ እጅ ተቀበለችና «እንኳን ደህና መጣሽ፤ ቤተሰቦችሽን ይዘሽ ግቢ» አለቻት። ለአንድ መኪና 20 ዶላር በሚከፈልበት በር፣ እድሜ ልኬን ሌሎችን ሳስገባ የኖርሁት እኔ በልጄ ስም ገባሁ።

ከመኪና ማቆሚያው ወደ ፏፏቴው የሚያደርሰው መንገድ በትንንሽ ድልድዮች ላይ ያልፋል፤ ወንዙ ራሱ ሳይታይ ድምፁ ይቀድማል። ፖቶማክ እዚህ ቦታ አንድ ማይል በማይሞላ ርቀት ውስጥ 76 ጫማ ቁልቁል ይወርዳል፤ አንድ ጊዜ ተወርውሮ ሳይሆን በየዓለቱ እየተጋጨ፣ እየተከፈለና እንደገና እየተገናኘ ነው የሚወርደው። «ጢስ ዓባይን ላየ ሰው ይህ ምን ያስደንቃል» ልል ቃጣኝና አፌን ያዝሁ። ጢስ ዓባይን እኔ የማውቀው በድሮው አንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ብቻ ነው። አንድ ብሯን ለስንት ሺህ ጊዜ ለታክሲና ለዳቦ ስከፍል፣ በጀርባዋ የታተመውን ውሃ ሄጄ ልየው የሚል ሐሳብ አንድም ቀን አልመጣብኝም።

እውነቱን ለመናገር ግን በዚያ ቀን ልቤን የያዘው ፏፏቴው ሳይሆን ከጎኑ የተኛው ቦይ ነው። ቼሳፒክና ኦሃዮ ካናል ይባላል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1828 መቆፈር ሲጀምር፣ ዓላማው ከዋሽንግተን አጠገብ ተነሥቶ ተራሮቹን በማቋረጥ እስከ ኦሃዮ ወንዝ ዕቃ በጀልባ ማመላለስ ነበር። የሚገርመው በዚያው ዕለት ባልቲሞር ላይ የባቡር ሐዲድ መዘርጋት ተጀመረ። ባቡሩ ከምበርላንድ ከተማ በ1842 ሲገባ ቦዩ እዚያ የደረሰው በ1850 ነው፤ ከዚያ ወዲያም አልሄደም፤ ኦሃዮን ሳያይ 184.5 ማይል ላይ ቀረ። በዚህ ርዝመት ውስጥ ጀልባዎችን ደረጃ በደረጃ የሚያወጡና የሚያወርዱ 74 የውሃ በሮች አሉት። ከፏፏቴው አጠገብ ያለውን 20ኛውን በር ልጄ እየዞረች ስታየው እኔም ሥራው ገባኝ። ጀልባው ጠባብ የድንጋይ ክፍል ውስጥ ይገባል፤ ከኋላው የእንጨት መዝጊያ ይዘጋበታል፤ ከላይ ውሃ ሲለቀቅ ጀልባው ከውሃው ጋር ወደ ላይ ይነሣል፤ የፊተኛው መዝጊያ ይከፈትና መንገዱን ይቀጥላል። ክፍሉ 15 ጫማ ይሰፋል፤ ጀልባው ደግሞ ወርዱ 14 ጫማ ተኩል ስለነበር በግራና በቀኝ የሚተርፈው የጣቶች ስፋት ብቻ ነው። ሞተር የለም፤ ጀልባውን በገመድ የሚጎትቱት በዳርቻው የሚራመዱ በቅሎዎች ናቸው። የበቅሎን ውለታ እንደ እኛ የሚያውቅ ሕዝብ የለም ብዬ አስብ ነበርና፣ የበቅሎዎቹን ፎቶግራፍ አቧራ ሳይነካው ተሰቅሎ ሳየው ትንሽ ቅናት ሳይሰማኝ አልቀረም።

ቦዩ በ1924 ጎርፍ ከመታው በኋላ ተዘጋ። በኋላም በዚያው መስመር የመኪና መንገድ ይሠራ የሚል ሐሳብ መጣ፤ ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣም ሐሳቡን ደግፎ ጻፈ። በ1954 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊልያም ዳግላስ የጋዜጣውን አዘጋጆች «ኑና አብረን በእግራችን እንየው» ብለው ከከምበርላንድ ተነሥተው ቁልቁል ወደ ዋሽንግተን ተጓዙ። ጋዜጣው አቋሙን ለወጠ፤ ቦዩም በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። እንግዲህ ይህ ነገር ከመነሻው የከሰረ ፕሮጀክት መሆኑን ልብ በሉ። ባቡር ቀድሞት፣ መድረሻው ሳይደርስ፣ ጎርፍ ጨርሶት የሞተ ቦይ ነው፤ እነርሱ ግን በቅሎዎቹ ይራመዱበት የነበረውን ዳርቻ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ አድርገውት ሰው በየቅዳሜው ይርመሰመስበታል። እኛ ደግሞ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባ ባቡር አለን፤ ያውም መድረሻው የደረሰና ከተሞችን የወለደ ባቡር። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከመጣ በኋላ የአሮጌውን ሐዲድ ዳርቻ ተከትሎ ከአንድ ጣቢያ እስከ ቀጣዩ በእግር መሄድ ቢቻል፣ በየጣቢያው ምን ይጫንና ማን ይወርድ እንደነበር በሰሌዳ ቢጻፍ፣ አዋሽ ላይ ጥንታዊው ቡፌ ውስጥ ቁጭ ተብሎ አንድ ቀዝቃዛ ነገር ቢጠጣ ምን ይጎድል ነበር? ይህን ሳስብ የበላሁት ቆሎ አለቀብኝ።

ከግሬት ፎልስ ወደ ከተማ ስንመለስ በማክአርተር ጎዳና ላይ ግሌን ኤኮ የሚባል የቀድሞ መዝናኛ ፓርክ አለ። እዚያ ከ1921 ጀምሮ የሚሽከረከር የልጆች መጫወቻ ይገኛል፤ ከፈረሶቹ መካከል ጥንቸሎች፣ ሰጎኖች፣ አንድ አንበሳም አሉበት፤ ሁሉም ከእንጨት ተጠርበው በቀለም ያጌጡ ናቸው። ልጄ አንበሳውን ሌላ ልጅ ቀድሟት ስለያዘው አኩርፋ ሰጎን ላይ ወጣች። እኔ እርሷን ስጠብቅ በአጠገቡ የቆመውን ጽሑፍ አነበብሁ። ይህ ፓርክ ጥቁር ሰው የማይገባበት ነበር። እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 1960 አብዛኞቹ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሆኑ ወጣቶች መጥተው እነዚሁ የእንጨት እንስሳት ላይ ተቀመጡ፤ አንወርድም ብለውም ታሰሩ። የአካባቢው ነጮችም ከእነርሱ ጋር ተሰልፈው በጋውን ሙሉ በሩ ላይ ተቃወሙ፤ በ1961 ፓርኩ ለሁሉም ተከፈተ። ቀና ስል ልጄ ሰጎኗ ላይ ሆና እጇን እያውለበለበች በፊቴ አለፈች። ያን ጊዜ ምን እንደተሰማኝ እዚህ ለመጻፍ ሞክሬ ሁለት ጊዜ ሰርዤዋለሁ። የታዘብሁትን ብቻ ልናገር፤ እነዚህ ሰዎች ኩራታቸውን ብቻ ሳይሆን ነውራቸውንም ሥፍራው ላይ ጽፈው ያቆማሉ። ሁልጊዜ አይደለም፣ ሁሉም ቦታም አይደለም፤ እዚያ ግን አቁመውታል።

ወሩ ግንቦት ስለነበር ሐሳቤ ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄደ። ልጅ ሳለሁ እናቴን ተከትዬ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም ለሚከበርበት ለግንቦት 12 ሦስት ጊዜ ወደ ገዳሙ ሄጃለሁ። ሱሉልታ ላይ ወተት ጠጥተናል፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎችን ዳቦ ወርውረንላቸዋል፤ ፀበል ተጠምቀናል። ግራዚያኒ በየካቲት 12ቱ የግድያ ሙከራ ተባብረዋል በሚል ሰበብ የገዳሙን መነኮሳት በጥይት ያስፈጃቸው ግን በዚሁ በዓል ሰሞን፣ በግንቦት 1929 ዓ.ም. ነው። እርሱ ራሱ ወደ ሮም ባስተላለፈው ቴሌግራም 297 መነኮሳት መገደላቸውን አስታውቋል፤ ተመራማሪዎች ቁጥሩ ከዚያ እጅግ እንደሚበልጥ ጽፈዋል። እኔ በዚያው በዓል ሰሞን፣ በዚያው መንገድ፣ እዚያው ገዳም ሦስት ጊዜ ደርሼ ስመለስ ቦታው የቱ ጋ እንደሆነ ያሳየኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የሄድነው ለንግሥ ነበርና ጉዳያችንን ፈጽመን ተመለስን።

ይህ «ጉዳይ» የሚሉት ነገር ነው እየዋለ እያደረ የከነከነኝ። የእኛ ሰው አይጓዝም ማለት ሐሰት ነው። ቁልቢ ለመሄድ ሌሊቱን መኪና ላይ ያድራል፤ ለቅሶ ለመድረስ ክፍለ ሀገር ያቋርጣል፤ ለሠርግ፣ ለፀበል፣ ለዘመድ ጥየቃ የማይወጣው አቀበት የለም። በመንገዱም ላይ ደስታው ሞልቶ ይፈሳል። ነገር ግን ደስታው ሁልጊዜ በሌላ ጉዳይ ተሸፍኖ መምጣት አለበት፤ «ለማየት ብቻ ነው የምሄደው» የሚል ሰው ወይ ሀብታም ነው፣ ወይ ፈረንጅ ነው፣ ወይ ደግሞ ሥራ ፈት ነው። ዲሲ አካባቢ ከሃያ ዓመት በላይ የኖርን ሰዎች አንድ ወንዝ ሳናይ መቅረታችን ድካምና የሥራ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ይህን ልማድ ከሻንጣችን ጋር ይዘነው ስለመጣን ጭምር ነው።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ቤተሰባችን ለማየት ብቻ የሚወጣ ሆነ። ሹገርሎፍ ተራራ ላይ ወጥተን የእርሻውን ማሳ ቁልቁል አየን። ከቤታችን አንድ ሰዓት ተኩል በሚያስነዳው በካልቨርት ክሊፍስ ደግሞ በጫካ ውስጥ 1.8 ማይል ተጉዘን ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳር ወጣን። ያ ገደል ከ10 እስከ 20 ሚሊዮን ዓመት በፊት አካባቢው በባሕር ተሸፍኖ ሳለ የተከማቸ ደለል ሲሆን፣ ማዕበሉ እያፈረሰው የጥንት ሻርኮች ጥርስ በአሸዋው ላይ ይበተናል። የሚናድ በመሆኑ ከገደሉ ሥር መሄድ ተከልክሏል፤ ከአሸዋው ላይ ያገኙትን ግን መውሰድ ይቻላል። ባለቤቴ ከቤት የዱቄት ወንፊቷን ይዛ መጥታ ነበር። አሸዋውን በውሃ እያጠበች፣ ልክ ምስር እንደምትለቅም ሴት አንገቷን ደፍታ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቀና አላለችም። በመጨረሻ ከባቄላ ፍሬ የማይበልጥ፣ ጥቁር፣ ጫፉ አሁንም ጣት የሚወጋ አንድ ጥርስ አገኘች። አሁን በቤታችን ከሥዕለ አድኅኖው በታች ባለው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ እዚያ መቀመጡ ተገቢ ስለመሆኑ ከነፍስ አባታችን ጋር ገና አልተነጋገርንም። (ሸርጣኑን አላነሣሁም፤ ሜሪላንድ ውስጥ ያለ ሸርጣን ነገር የለም፣ ባንዲራ በሚመስል ቀለም እየተሣለ በየመኪናው ተለጥፏል። ለእኛ ግን የማይበላ ነውና በዚህ በኩል ከአገሩ ጋር መዋሐዳችን ጊዜ ይወስዳል።)

በ2017 ዓ.ም. የገና ሰሞን አዲስ አበባ ስንገባ ይኸው አዲስ አመሌ አብሮኝ ገባ። ደብረ ሊባኖስን ለልጄ ላሳያት ፈልጌ ነበር፤ ዘመዶቼ በመንገዱ ጸጥታ ምክንያት አጥብቀው ስለከለከሉኝ ወደ ደቡብ፣ ወደ ቡታጅራ መንገድ ዞርሁ። መልካ ቁንጡሬ፣ አዳዲ ማርያምና ጢያ ሁሉም በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚታዩ ናቸው። ሐሳቤን ለእህቴ ስነግራት ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ አየችኝና «እዚያ ማን አለን?» አለችኝ። ማንም የለንም አልኋት። «ታዲያ?» አለች። ይህን «ታዲያ» የምመልስበት ቃል አጣሁ። አዲስ አበባ ተወልዳ አድጋ አርባ ዓመት ያለፋት እህቴ ሦስቱንም አይታቸው አታውቅም፤ ለነገሩ እኔም አላየኋቸውም ነበር። «ለልጅቷ ብዬ ነው» ስላት ግን ወዲያው ተነሥታ ስንቅ መቋጠር ጀመረች፤ የልጅ ነገር በእኛ ዘንድ ጉዳይ ነውና።

መልካ ቁንጡሬ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዋሽ ወንዝ ዳር ያለ ሥፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 አንድ የሆላንድ ሰው የድንጋይ መሣሪያዎችን እዚያ ካስተዋለ ጀምሮ ሲቆፈር ኖሮ፣ በ2024 ባልጭት ከተባለው ሥፍራ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ባልጭት የጥቁር መስታወት መሰል ድንጋይ ስምም ነው። በሣር ክዳን ጎጆ መልክ የተሠሩት የሙዚየሙ ትንንሽ ቤቶች ንጹሕ ናቸው፤ ያስረዳን ሰው ደግሞ ከብዙ የአሜሪካ ሰሌዳ የሚበልጥ ዕውቀት ያለው ነበር። ልጄ መሬት ላይ አንድ ስለታም ጥቁር ስባሪ አንሥታ፣ ካልቨርት ክሊፍስን አስታውሳ መሆን አለበት፣ «ልውሰደው?» አለች። ሰውዬው በትሕትና ከእጇ ተቀብሎ ከወደቀበት ቦታ መልሶ አስቀመጠውና «ይህ እዚህ የተቀመጠው ከእኔም ከአንቺም በፊት ነው» አላት። ጢያ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 36 ትክል ድንጋዮች ቆመዋል፤ ብዙዎቹም ሰይፍ ተቀርጾባቸዋል፤ እህቴ በመካከላቸው ስትዞር ድምፅዋን ቀንሳ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «መቃብር አይደል?» አለችኝ። ልክ ናት።

የሁለቱን አገር ልዩነት ግን ያየሁት አዳዲ ማርያም ነው። ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ በአቧራማ መንገድ የሚደረስባት፣ በባሕሉ ለንጉሥ ላሊበላ የምትሰጥ፣ ከአንድ ዓለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት። ቡናማ የጎብኚ ሰሌዳ የለም፤ መጸዳጃ ቤት ፍለጋው ራሱ ሌላ ጉዞ ነው፤ በዚያ ቀን ካየናቸው ሥፍራዎች በአንዱ ደግሞ ትኬት ቆራጩ ልጄን የሐበሻ ላስከፍላት ወይስ የፈረንጅ በሚል ከእህቴ ጋር ረጅም ክርክር ገጥሞ ነበር። ነገር ግን መኪናችን እንደቆመ አንድ አዛውንት ቄስ ቀረብ ብለው ልጄን «የማን ልጅ ነሽ?» ብለው ጠየቋት። አማርኛዋ ሰባራ ቢሆንም አባቷን፣ አያቷንና ቅድመ አያቷን ቆጠረችላቸው፤ እርሳቸውም የአያቴን ስም ሲሰሙ «የት አገር ሰው ናቸው?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። በጨለማው ዋሻ ውስጥ እጇን ይዘው፣ ጧፍ አብርተው እያንዳንዱን መስኮት አሳዩዋት፤ ስንወጣ ከደጁ ያለች ሴት ቡና አፍልታ ጠበቀችን። ግሬት ፎልስ ላይ ብዙ ጊዜ ተመላልሰናል፤ ሁሉም ሰው ፈገግ ብሎ «ሰላም» ይላል፤ የማን ልጅ እንደሆነች የጠየቃት ግን የለም። እዚያ ሰሌዳው ይናገራል፣ ሰው ዝም ይላል፤ እዚህ ሰሌዳ የለም፣ ሰው ይናገራል። ቄሱ ሲያልፉ ማን ይናገር ይሆን የሚለው አሳስቦኛል፤ ይሁንና በዚያች ሰዓት ሰሌዳ አላማረኝም።

ባለፈው በጋ እናቴ ልትጠይቀን መጣች። ከአውሮፕላኑ ድካም ስታርፍ ወደ ግሬት ፎልስ ይዣት ልሄድ እንደሆነ ነገርኋት፤ ያው እንደ እህቴ «እዚያ ማን አላችሁ?» አለችኝ። ልጄ መልስ አዘጋጅታ ኖሮ «ውሃ አለን» አለቻት። በእንጨቱ ድልድይ ላይ በዝግታ እየሄድን ፏፏቴው ፊት ስንደርስ እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች፣ አማተበች፣ ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «ታቦቱ የማን ነው?» ብላ ጠየቀች። ታቦት የለም፣ ዝም ብሎ ወንዝ ነው አልኋት። ራሷን ነቀነቀች፤ እንዳላመነችኝ ያወቅሁት ግን ወደ መኪናው ስንመለስ ነው። ቦዩ ዳር ቆም ብላ ከቦርሳዋ ባዶ ሃይላንድ አወጣች። ልጄ እየሮጠች ሄዳ ውሃው ቆሻሻ መሆኑን፣ በቅሎዎች ይሄዱበት እንደነበር፣ በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ሁሉ አንድ በአንድ ታስረዳት ጀመር። እናቴ በጽሞና ሰማቻት፤ ከዚያም ጎንበስ ብላ ሃይላንዱን ሞላችና ክዳኑን አጥብቃ ዘጋችው።